የዘርን አገር የፈለገው ሊቅ፤ የኒኮላይ ቫቪሎቭ የሕይወት ታሪክ

በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ደጋ፥ ጓሳ በሚባለው ሜዳ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ያደረ ሰው ብርድ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ስለ ሆነ ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ሣሩን ያነጣዋል፤ እረኛውም ዝተቱን ተከናንቦ የፀሐይን መውጣት ይጠባበቃል። ፀሐይ ወጥታ ቀኑ ሲጋመስ ግን ያ ሁሉ ብርድ እንዳልነበረ ሆኖ ይረሳል፤ ሌሊት ዝተት ያልበቃው ሰው ቀትር ላይ ጥላ ይፈልጋል።

ከዚህ ተነሥተን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ፖም የብርድ አገር ዛፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ታዲያ ከአውሮፓ የመጣ የፖም ችግኝ እንዲህ ባለ ደጋ ሲተከል ብዙ ጊዜ ቅርንጫፉ ራቁቱን የሚቀረው፥ አበባውም ጥቂቱ ዛሬ፥ ጥቂቱ ከወር በኋላ እየፈነዳ ፍሬው የሚያንሰው ስለ ምንድን ነው? ብርድ ጠፍቶ ነው እንዳይባል ብርዱ ሞልቷል።

መልሱ ባጭሩ ሲነገር፥ ዛፉ የሚፈልገው ብርድን ብቻ ሳይሆን የተወለደበትን አገር ብርድ ነው የሚል ነው። የተክልን ጠባይ ለማወቅ አስቀድሞ አገሩን ማወቅ እንደሚገባ ለዓለም ለማስረዳት ከሁሉ ይበልጥ የደከመው ሰው ደግሞ የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። ይህ ሰው ወደ አገራችን መጥቶ ደጋችንን በበቅሎ ያቋረጠ ነው፤ መጨረሻውም የከፋው ዘርን በብርድ ስለ ማዘጋጀት በተነሣው ክርክር ነው። ስለዚህ ታሪኩን በትምህርት ላይ ላሉት ተማሪዎችና በሥራ ላይ ላሉት ወጣቶች ማቅረብ ይጠቅማል ብለን አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቫቪሎቭ የተወለደው በ1887 በሞስኮ ከተማ ነው። አባቱ ከገበሬ ቤት ተወልዶ ወደ ሞስኮ የመጣና በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ ፊዚክስ ተምሮ በኋላ የሶቪዬት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሷል። ኒኮላይ ግን ንግዱንም ፊዚክሱንም ትቶ እርሻ ለማጥናት በሞስኮ ከነበረው ከፍተኛ የእርሻ ተማሪ ቤት ገባ፤ በ1911ም ትምህርቱን ፈጸመ። በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ፥ ዘር ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ በሚመረምረው አዲስ ትምህርት ስመ ጥር ከነበረው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። በማግሥቱ ዓመት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ1916 በፋርስና በፓሚር ተራሮች ተጉዞ የስንዴና የአጃ ዘር ሰበሰበ። በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ፤ በዚያም ሳለ በ1920 ተቀራራቢ የሆኑ የተክል ዘሮች አንዱ የሚያሳየውን የመልክ ልዩነት ሌላውም በተራው እንደሚያሳይ የሚገልጸውን ሕጉን ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ። አንባቢ ይህችን የሳራቶቭን ከተማ በልቡ ይያዛት፤ ወደ ታሪኩ መጨረሻ ተመልሳ ትመጣለችና።

በ1921 በፔትሮግራድ፥ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፥ ስለ አዝርዕት የሚመረምረው ክፍል ኃላፊ ሆነ። በዚያው ዓመት በቮልጋ አገር ብርቱ ረኃብ ገብቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። ቫቪሎቭም የአገሩን ሕዝብ ከረኃብ ለማውጣት የሚቻለው ድርቅን፥ ውርጭንና በሽታን የሚችል ዘር ከዓለም ዙሪያ ፈልጎ በማምጣትና በማዳቀል ነው ብሎ ተነሣ። ለዚህ ሥራ ደግሞ ካርታ ያስፈልገዋል። አንድ እህል ብዙ ዓይነት መልክና ጠባይ ይዞ የሚገኝበት አገር ያ እህል የተወለደበት ወይም ለረጅም ዘመን የኖረበት አገር ነው የሚል አሳብ ስለ ነበረው፥ በ1926 የአዝርዕትን መነሻ ቦታዎች የሚዘረዝረውን መጽሐፉን አወጣ። ከእነዚህም ቦታዎች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

አሳቡን በዓይኑ ለማረጋገጥ በ1927 (በእኛ አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም.) በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን ገባ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፥ ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያም አብዮት ጠየቁት። ከዚያም በቅሎዎችና አጃቢዎች ይዞ ወደ ሰሜን ተነሣ፤ ደጋ ለደጋ እየተጓዘ ጎንደርንና አክሱምን አልፎ አሥመራ ደረሰ።

በዚህ ጉዞ ያየው ነገር እጅግ አስደነቀው። በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ነጩ፥ ቀዩና ሐምራዊው ስንዴ ተደባልቆ በቅሎ አገኘ፤ ሐምራዊ ፍሬ ያለው ስንዴ ለእርሱ ታላቅ ግኝት ነበር። የገብሱ ዓይነት ብዛትም እንዲሁ ነው። ጤፍ፥ ኑግና እንሰት ደግሞ ከሌላው ዓለም ተለይተው የዚሁ አገር ሀብት መሆናቸውን መዘገበ። ወደ 6,000 የሚጠጋ የዘር ናሙና ይዞ ተመለሰ። የስንዴና የገብስ የመጀመሪያ መነሻ መካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን ኋላ የተነሡ ሊቃውንት ቢያረጋግጡም፥ ኢትዮጵያ የእነዚህ አዝርዕት የብዙ ዓይነት ጎተራ መሆኗን ማንም አልካደም። ከኢትዮጵያ የተወሰደ ገብስ ቅጠልን የሚያቢጫውንና ተክሉን የሚያቀጭጨውን በሽታ የሚቋቋም ሆኖ ስለ ተገኘ በካሊፎርኒያ ለአዲስ ዘር ማዳቀያ ሆኗል።

በዚህ ላይ ለነገራችን የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር አለ። የሩሲያ ገበሬ ከሚዘራው ስንዴ አንዱ ወገን ከበረዶው ወራት በፊት ተዘርቶ በበረዶ ሥር ከርሞ በጸደይ የሚያድግ ነው፤ ያ ስንዴ ሳምንታት ሙሉ ብርድ ካላገኘ ቅጠል እንጂ ዛላ በጊዜው አያወጣም። የእኛ ደጋ ስንዴና ገብስ ግን ይህን አይጠይቅም፤ በመንዝ ውርጭ አጠገብ ቢያድግም የሚጠብቀው ዝናቡን ነው። ሁለቱም ስንዴ ይባላሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሰሜንን በረዶ፥ ሌላው የኢትዮጵያን ዝናብ ለብዙ ዘመን ሲያጠና የኖረ ነው።

በ1929 ቫቪሎቭ ወደ መካከለኛው እስያ ተጉዞ፥ በቲየን ሻን ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በአልማ አታ ዙሪያ የፖም ዱር አየ። ሰው ያልተከለው የፖም ዛፍ ተራራውን ሸፍኖት ነበር፤ ፍሬውም ትንሽና ትልቅ፥ መራራና ጣፋጭ፥ ቀይና ቢጫ ነበረ። የዓለም ፖም ሁሉ እናት አገር ይህ ነው ብሎ ፈረደ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የዘር መርማሪዎች በአዲስ መሣሪያ ሲመረምሩ ፍርዱ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። በቲየን ሻንም ሆነ በአውሮፓ ክረምት ማለት እንደ እኛ የዝናብ ወራት ሳይሆን የበረዶ ወራት ነው። ብርዱ እየበረታ ሲሄድ ፖም ቅጠሉን አራግፎ እንቡጡን በቅርፊት ሸፍኖ ይተኛል። እንቅልፉ ጥልቅ ስለ ሆነ በዚያን ጊዜ ሙቀት ቢሰጡት እንኳ አይነቃም። ይህም በጥበብ የተሠራ ነው። በበረዶው ወራት አጋማሽ አንድ ሳምንት ሙቀት መጥቶ ዛፉ ተታልሎ ቢያብብ፥ ተከትሎ የሚመጣው ውርጭ አበባውን ሁሉ ይጨርሰው ነበርና። ስለዚህ ዛፉ ብርዱን ይቈጥራል። ለቈጠራው የሚመቸው ከዜሮ እስከ ሰባት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ብርድ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ ፖሞች 1,000 ሰዓት ያህል፥ ማለት ቀንና ሌሊቱ ቢደመር ከ40 ቀን የሚበልጥ ብርድ ይፈልጋሉ። ሒሳቡ ሲሞላ በእንቡጡ ውስጥ ተደፍነው የነበሩት ረቂቅ መተላለፊያዎች ይከፈታሉ፤ እድገትን የሚያግደውም ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀት ሲመጣ ዛፉ በአንድ ጊዜ ያቈጠቍጣል።

ይህን ነገር በግልጽ ካሳዩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ኮቪል ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1920 ነው። ብሉቤሪ የተባለውን የፍሬ ቍጥቋጦ በሞቀ የመስተዋት ቤት ውስጥ ቢያከርመው በጸደይ ማቈጥቈጥ አቃተው፤ ውጭ በብርድ የከረመው ግን ለምለም ሆነ። ከአንድ ተክል አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ ወደ ውጭ አውጥቶ ቢያበርደውም የነቃው ያ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ብርዱን የሚቈጥረው እያንዳንዱ እንቡጥ ለራሱ ነው ማለት ነው።

የጓሳ ብርድ ግን ሌላ ነው። በሌኒንግራድ ከዓመቱ ረጅሙ ቀን ወደ 19 ሰዓት ሲጠጋ አጭሩ 6 ሰዓት አይሞላም፤ በጓሳ ግን የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍ። ፖምን ግን በዋናነት የሚያስተኛው ከቀን ማጠር ይልቅ የሚዘልቅ ብርድ ነው። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ነገር ግን ከዜሮ በታች የወረደ ብርድ ለቈጠራው እምብዛም አይጠቅምም፤ ሌሊት የተቈጠረውንም የቀትር ፀሐይ መልሳ ትሰርዘዋለች። የደጋችን ብርድ በየሌሊቱ መጥቶ በየቀኑ የሚሄድ ነው፤ የፖም አገር ብርድ ግን መጥቶ ወራት የሚቀመጥ ነው። ጓሳ ላይ የሚበቅለው ጅብራ ይህን ስለሚያውቅ የበረዶ ወራት አይጠብቅም፤ ለጋ እንቡጡን በቅጠሎቹ መካከል ሸሽጎ ብዙ ዓመት በቀስታ ያድጋል፤ አንድ ጊዜም አብቦ ይሞታል።

ታዲያ በደጋችን ፖም አይበቅልም ማለት ነውን? አይደለም። በጋሞ ደጋ በጨንቻ ሚስዮናውያን በ1950ዎቹ ያመጡት ፖም ዛሬ ለብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። በእስራኤል አገር የተገኘው አና የተባለው ዓይነትና በባሐማ ደሴቶች የተገኘው ዶርሴት ጎልደን ከ300 ሰዓት ያልበለጠ ብርድ ይበቃቸዋል። በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት ደግሞ ገበሬዎች ፍሬውን እንደ ለቀሙ ቅጠሉን በእጃቸው እያራገፉ ዛፉ ከባድ እንቅልፍ ሳይዘው ያነቁታል። ለሁሉም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህ ችግኝ የማን አገር ልጅ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ቫቪሎቭ ዕድሜውን ሁሉ ሲጠይቅ የኖረው ይህንኑ ነው።

እርሱ ይህን በትዕግሥት ሲመረምር ሳለ ግን በዚያው በብርድ ጉዳይ ሌላ ሰው ተነሣ። ትሮፊም ሊሴንኮ በዩክሬን ከገበሬ ቤት የተወለደ የእርሻ ባለሙያ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ በዩክሬን ከበረዶው በፊት የተዘራው ስንዴ በብርቱ ውርጭ ሞቶ መንግሥት በጭንቀት ላይ ነበር። በ1929 የሊሴንኮ አባት በውኃ የራሰ የስንዴ ዘር በበረዶ ውስጥ ቀብሮ ካቈየ በኋላ በጸደይ ቢዘራው ዛላ አወጣ። ዘርን በብርድ ማዘጋጀት እንደሚቻል ጀርመናዊው ጉስታቭ ጋስነር በ1918 በጽሑፍ አውጥቶት ስለ ነበር ነገሩ በመሠረቱ እውነት ነው። ሊሴንኮ ግን ይህን ዘዴ በየእርሻው በማድረግ የአገሩን እህል በብዙ አበዛለሁ አለ። ጋዜጦችም አመሰገኑት።

ቫቪሎቭ መጀመሪያ ሊሴንኮን ደገፈው። ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡትን ዘሮች በብርድ አዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ እንዲያብቡ ማድረግ ቢቻል ለማዳቀል እንደሚመች ስላየ፥ ወጣቱን ሰው በየጉባኤው አበረታታው። ይህ ቅንነቱ በኋላ ጎዳው። ሊሴንኮ ብዙ ሳይቈይ ብርድ ያገኘ ተክል ጠባዩን ለልጅ ልጁ ያወርሳል፥ ዘር ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚወርድበት ሕግ የሚነገረው ሁሉ የባዕዳን ተረት ነው ማለት ጀመረ። ቫቪሎቭ አዲስ የስንዴ ዓይነት ለማውጣት ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል ሲል፥ ሊሴንኮ በሁለትና በሦስት ዓመት አደርሳለሁ አለ። በገጠር ግን በየማኅበሩ እርሻ ረጥቦ የተከመረው ዘር ብዙ ጊዜ ይሻግትና ያለ ጊዜው ይበቅል ነበር፤ የተባለውም ጭማሪ በትክክለኛ ሚዛን ሲመዘን አልተገኘም።

ይሁን እንጂ አለቆች መስማት የሚወዱት አጭሩን ቀጠሮ ነው። በ1935 በክሬምሊን በተደረገ የገበሬዎች ጉባኤ ስታሊን ራሱ ለሊሴንኮ አጨበጨበለት። በዚያው ዓመት ቫቪሎቭ ከእርሻ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንትነቱ ተነሣ፤ በ1938 ወንበሩን ሊሴንኮ ያዘው። ቫቪሎቭ ግን ያየውን አላየሁም አላለም። ቢሮው ሳለ በዙሪያው የነበሩ ሰዎች አንድ በአንድ ሲታሰሩ እያየ ትምህርቱን አልካደም።

በነሐሴ ወር 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ለመሰብሰብ ወጥቶ ሳለ በድንገት ተያዘ። ብዙ ጊዜ ከተመረመረ በኋላ በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ በማግሥቱም ዓመት ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት። ሕዝብ እንዳይራብ ከ50 በሚበልጡ አገሮች ዘር ያሰባሰበው ሰው በእስር ቤት ረኃብ ከስቶ ጥር 26 ቀን 1943 በበረዶው ወራት ዐረፈ። እስር ቤቱም የሚገኘው በወጣትነቱ ባስተማረባት በሳራቶቭ ነበር።

እርሱ በእስር ላይ ሳለ የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከበባት፤ ከበባውም ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ቈየ። በተቋሙ ውስጥ ከ200,000 በላይ የዘር ናሙና ነበረ፤ ሩዝ፥ ስንዴ፥ ባቄላ፥ ለውዝ በየሣጥኑ ሞልቷል። ሠራተኞቹ ግን ዘሩን አልበሉም። የድንቹ ዘር በውርጭ እንዳይሞት በምድር ቤት ያገኙትን እንጨት ሁሉ እያነደዱ ሌሊቱን ይጠብቁት ነበር። ከእነርሱ አያሌዎቹ በረኃብ ሞቱ፤ ከሞቱትም አንዱ የሩዝ ዘር ጠባቂ ነበር። አለቃቸው ያስተማራቸው ዘር የዛሬ ምግብ ሳይሆን የነገ ሕዝብ መሆኑን ነውና።

በ1955 የሶቪዬት ፍርድ ቤት ቫቪሎቭ ጥፋት እንደሌለበት ፈረደ። ሊሴንኮ ግን በ1948 የዘር ውርስን ትምህርት በአገሩ እስከ ማሳገድ ደርሶ ነበር፤ ሥልጣኑን ያጣው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ዛሬ ሳይንስ የደረሰበት ነገር በሁለቱ መካከል ፍርድ ሰጥቷል። ተክል ያየውን ብርድ በእርግጥ ያስታውሳል፤ ነገር ግን ያ ትዝታ በአዲሱ ዘር ውስጥ ይሰረዝና ልጁ ብርዱን እንደ ገና ከአንድ ጀምሮ ይቈጥራል። ብርድ የመፈለጉ ጠባይ ግን ከአያት ከቅድመ አያት በዘር የሚወርድ ነው። ዓለም እየሞቀች በመሄዷም የጥንት የፖም አገሮች ሳይቀሩ የብርድ ሰዓታቸው እየጎደለባቸው ስለ ሆነ፥ ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ዘሮች ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ይፈለጋሉ። በአገራችንም በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ማከማቻ የገበሬውን የስንዴና የገብስ ዓይነት ይዞ ይገኛል።

የዛሬ ወጣት ነገ በአንድ ወረዳ ወይም በአንድ ሚኒስቴር ወንበር ላይ ይቀመጣል። ይህን ያህል ሺህ ችግኝ በዚህ ዓመት ይተከል የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል፤ ስንት ተተከለ ተብሎም ይጠየቃል። ችግኙ ከየት እንደ መጣና ስንት ሰዓት ብርድ እንደሚፈልግ የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ ጥያቄውን ራሱ ማንሣት አለበት፤ መልሱ ዓመታት የሚፈልግ ከሆነም ዓመታት ይፈልጋል ብሎ መጻፍ አለበት። ይህ ቀላል አይደለም፤ ቫቪሎቭን ምን እንዳስከፈለው አይተናል። ነገር ግን በሐሰት ቀጠሮ የተተከለ ዛፍ ዋጋውን የሚከፍለው መሬቱን ለፖም ብሎ ገብሱን የተወው ገበሬ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ አጥብቀው ይፈልጉት ነበር፤ ሆኖም ሣሩ በብርድ ቀስ ብሎ የሚያድግ መሆኑን ስላወቁ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለው ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው ያስጠብቁ፥ ሲደርስም ይከፍቱት ነበር። በ1975 በወጣው የመሬት ዐዋጅ ያ ሥርዓት ቢቀርም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎ ሜዳው እስከ ዛሬ አለ። እነዚያ አባቶች የቫቪሎቭን ስም አልሰሙም፤ ብርድ የያዘውን ነገር ማስቸኰል እንደማይቻል ግን ከእርሱ አስቀድመው ያውቁ ነበር።